ያ መስኮት የሌለው ክብ ግንብ የማን ነበር?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ገጠር ወጣን። አንድ የድሮ እርሻ ግቢ ውስጥ መስኮት የሌለው ክብ የድንጋይ ግንብ አየን። ከሩቅ ሲያዩት የአገራችንን ጎጆ ቤት ይመስላል። በሩ ጎንበስ ካላሉ አያስገባም። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ ቀዳዳ ብቻ ነው። የእርግብ ቤት ነው አሉን። ያስጎበኙን ሰው፣ ‹ድሮ ገበሬው በብርዱ ወራት ትኩስ ሥጋ የሚያገኘው ከዚህ ነበር› አሉ። ትልቋ ልጄ ግን፣ ‹ገበሬው ድሃ ከነበረ ይህን ሁሉ ድንጋይ ማን ገዛለት?› አለችኝ። መልስ አጣሁላት። እውነት ለብርዱ ወራት ነበር? ይህን ያህል ቀዳዳስ ለምን አስፈለገ? አሁን ለምን ባዶ ሆነ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከልጅዎ ጥያቄ ልጀምር። ልክ ቦታው ላይ ነው ጣቷን የጣለችው። ሥራዬ የድሮ ድንጋይ ቤቶችን በኖራ መጠገን ነው። እንዲህ ባሉ የእርግብ ቤቶች ውስጥ ብዙ ቀን ውያለሁ። የብርድ ወራት ሥጋ የሚባለውን ታሪክ በየሄድኩበት እሰማዋለሁ። ሰዎቹ ከልባቸው ነው የሚነግሩኝ። ግን የእርግቧ ተፈጥሮ ራሱ ከዚህ ታሪክ ጋር አይሄድም።

በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የምትረባው የገደል እርግብ የምትባለው ዓይነት ናት። በሳይንስ ስሟ ኮሉምባ ሊቪያ ይሏታል። ዛሬ በርሚንግሃም መሀል አደባባይ ላይ ፍርፋሪ የምትለቅመው እርግብም የእሷው ዘር ናት። ይህች ወፍ ዛፍ ላይ ጎጆ አትሠራም። የዱሩ ወገኗ የሚኖረው የባሕር ዳርቻ ገደል ስንጥቅና ዋሻ ውስጥ ነው። ጨለማ፣ ጠባብ፣ ከአውሬ የራቀ ቦታ ትወዳለች። ስለዚህ ያያችሁት ግንብ ሰው የሠራው ገደል ነው ማለት ይቻላል። ስንጥቆቹ ብቻ ወደ ውስጥ ዞረዋል።

አንድ ጥንድ እርግብ በአንድ ጊዜ የምትጥለው ሁለት እንቁላል ነው። አባትና እናት እየተፈራረቁ 17 ወይም 18 ቀን ይታቀፉታል። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ሁለቱም ወላጆች ከጉሯቸው ከረጢት የሚወጣ እርጎ መሰል ነገር ያጎርሷቸዋል። የእርግብ ወተት ይባላል። አባትየውም «ያጠባል» ማለት ነው፤ ይህን ለልጆቹ ይንገሯቸው፣ በጣም ይወዱታል። በዚህ ምግብ ጫጩቷ በሚገርም ፍጥነት ትፋፋለች። አራት ሳምንት ሲሞላት ክብደቷ ከእናቷ ጋር ይቀራረባል። ግን ገና አልበረረችም። ክንፏን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ገና አልጠነከረም። ሥጋዋ ለስላሳ ነው። የሚፈለገው ያቺ ሳምንት ናት። አንድ ሳምንት ከዘገየህ ጫጩቷ በራ ትሄዳለች፤ ሥጋዋም ይጠነክራል።

አሁን ወደ ወራቱ እንምጣ። በእንግሊዝ የአየር ጠባይ እነዚህ እርግቦች በብዛት ጫጩት የሚፈለፍሉት ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ነው። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲጠና እንቁላል መጣላቸውን ይተዋሉ፤ ቢጥሉም ጥቂት ነው። ስለዚህ በጥር ወር ግንቡ ውስጥ ቢገቡ የሚያገኙት አሮጌ እርግብ ነው። እሷን አርዶ መብላት ማለት የሚቀጥለውን ዓመት ጫጩት ሁሉ መብላት ነው። ላሟን አርዶ ወተት እንደመጠበቅ ነው።

ነገሩ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነበር። በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ እርግቦቹ ማልደው ወጥተው ከየማሳው ለቅመው ይመለሳሉ። ባለቤቱ አይቀልባቸውም። ማሳው ባዶ በሚሆንበት በብርዱ ወራት ግን እህልና አተር የሚሰፍርላቸው እሱ ነው። ግንቡ በብርድ ጊዜ ሰውን አይመግብም ነበር፤ ሰው ነበር ግንቡን የሚመግበው። ሌላም የረሃብ ጊዜ ነበራቸው። የአምናው ዘር በቅሎ፣ የዘንድሮው አዝመራ ሳይደርስ ያለው የእንግሊዝ በጋ መግቢያ ነው። ያኔ የሣር ፍሬ እየለቀሙ ይሰነብታሉ። የእኛ ገበሬ ነሐሴን እንዴት እንደሚያልፋት የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል።

ታዲያ የጫጩቱ ሥጋ የሚበላው መቼ ነበር? ከፋሲካ እስከ መከር ነው። የመካከለኛው ዘመን እንግሊዞች እንደኛው ጾመኞች ነበሩ። ሁዳዴውን ይጾማሉ፤ ዓርብ ሥጋ አይበሉም፤ ሌሎች የሳምንት ቀናትም ነበሯቸው። ዓቢይ ጾም ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ይደርሳሉ። ጾም የፈታ ባለጸጋ ማዕድ ላይ የሚቀርብ የወቅቱ ምርጥ ነገር ነበር። የችግር ጊዜ ምግብ አልነበረም።

ስለዚህ የልጅዎ ጥያቄ መልስ አገኘ። ድንጋዩን የገዛው ገበሬው አይደለም። ጌታው ነው። ገዳሙ ነው። አንዳንድ ቦታ የደብሩ ቄስ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያሉ ግንቦች የተስፋፉት ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ነው። ከፈረንሳይ የመጡት አዲስ ባላባቶች ይህን ልማድ ይዘው መጡ። በድሮው እንግሊዝኛ እርግብ «ካልቨር» ትባል ነበር። እስካሁን ድረስ «ካልቨር» የሚል ስም የያዙ ማሳዎችና እርሻዎች ያጋጥማሉ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ የእርግብ ቤት ነበር ማለት ነው። «ፒጅን» የሚለው ስም ግን ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ቤቱን «ዱኮት» ይሉታል።

የተሠራበት ዓመት በግልጽ ከሚታወቅ አንዱን ልንገርዎ። ሄርፎርድሺር ውስጥ ጋርዌይ የምትባል መንደር አለች። መጀመሪያ የቴምፕላር፣ በኋላ የሆስፒታለር መነኮሳት ወታደሮች ይዞታ ነበረች። እዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው እርሻ ላይ ክብ የድንጋይ የእርግብ ቤት ቆሟል። በሩ ላይ በላቲን የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ሪቻርድ የሚባል ሰው በ1326 እንዳሠራው ይናገራል። ግድግዳው ከአንድ ሜትር በላይ ይወፍራል። የውስጥ ቀዳዳዎቹ 666 ናቸው።

ኖቲንግሃምሺር፣ ሲብቶርፕ ላይ ያለው ደግሞ ከ1,200 በላይ ቀዳዳ አለው። ከካህናት ማኅበር ጋር የተያያዘ ነበር። ዛሬ በዙሪያው የነበረው ሁሉ ጠፍቶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሟል። ሳየው ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል። ቤድፎርድሺር፣ ዊሊንግተን ላይ ያለው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ያሠራው ሰር ጆን ጎስትዊክ የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ባለሥልጣን ነበር። ንጉሡ በ1541 እዚያ ድረስ ሄደው ጎብኝተውታል። ቤቱ ክብ አይደለም፤ አራት ማዕዘን ነው። ወደ 1,500 ቀዳዳ አለው። እንግዲህ ንጉሥ የሚያስተናግድ ሰው ያሠራው ቤት ነው። የድሃ ገበሬ ጓዳ አይመስልም።

ቀዳዳው ለምን በዛ ላሉት ደግሞ ምክንያቱ እርግቧ ራሷ ናት። ጥሩ ጥንድ የመጀመሪያ ጫጩቶቿ ገና ጎጆ ውስጥ ሳሉ የሚቀጥለውን እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ አንድ ጥንድ ሁለት ቀዳዳ ትይዛለች። ጋርዌይ ላይ 666 ቀዳዳ ቢኖር ቢበዛ ለ333 ጥንድ ነው። ሁሉም ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ይሞላል ማለትም አይደለም። ባዶ ቀዳዳ መኖር አለበት፤ አለዚያ በቦታ ይጣላሉ፣ እንቁላል ይሰበራል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። የእነዚህን ቤቶች አሠራር ማለቴ ነው።

እጅዎን ወደ አንዱ ቀዳዳ ከተው ያውቃሉ? ቀጥ ብሎ አይሄድም። ትንሽ ገብቶ ወደ ጎን ይታጠፋል። አፉ ጠባብ ነው፤ አንድ ስንዝር አይሞላም። ውስጡ ግን ይሰፋል። እንቁላሉ በዚያ ማጠፊያ ውስጥ ስለሚቀመጥ ከበር በኩል የሚገባ ብርሃን አያገኘውም። እርግቧ ስትታቀፍ አትታይም፤ ትረጋጋለች። እንዲህ ያለ ቀዳዳ በድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ለመሥራት ግንበኛው እያንዳንዱን ድንጋይ እያሰበ ማስቀመጥ አለበት። ስድስት መቶ ጊዜ! ከየረድፉ በታች ወይም ሁለት ሦስት ረድፍ እየዘለለ ወጣ ያለ የድንጋይ ጠርዝ አለ። እርግቦቹ የሚያርፉበት ነው።

እርግቦቹ የሚገቡት በእናንተ በር አይደለም። በጣሪያው አናት ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት የተቀመጠች ትንሽ ክፍት ማማ አለች። በእሷ ነው የሚወጡትና የሚገቡት። ቀዳዳዋ ለእርግብ የምትበቃ፣ ለጭልፊት የምትጠብ ናት። ብዙ ቤቶች ከውጭ ግድግዳቸው መሀል ላይ ዙሪያውን የሚዞር ወጣ ያለ የድንጋይ ቀለበት አላቸው። አይጥ ሲወጣ እዚያ ጋ ይደናቀፋል። ዙሪያውም ባዶ ሜዳ ይደረግ ነበር፤ ጭልፊት የሚሸምቅበት ዛፍ እንዳይኖር። ውጪውን በኖራ ነጭ ይቀቡታል። እርግብ ነጭ ነገር ስታይ ትመጣለች የሚል እምነት ነበራቸው።

በሩስ ለምን አነሰ? እርግቦቹ ሰው ሲገባ ደንግጠው በበሩ እንዳይወጡ ነው። ሌላው ምክንያት ሌባ ነው። ቁልፉ ትልቅ፣ በሩ ወፍራም ነበር። የጌታን እርግብ በመረብ ያጠመዱ ሰዎች በየመንደሩ ችሎት ሲከሰሱ በመዝገብ ሰፍሯል።

ክብ የሆኑት ቤቶች ደግሞ አንድ ድንቅ መሣሪያ አላቸው። «ፖቴንስ» ይባላል። ከወለሉ እስከ ጣሪያው የሚደርስ አንድ የእንጨት ምሰሶ መሀል ላይ ቆሟል። ምሰሶው በእንዝርት ላይ እንደቆመ ይዞራል። ከምሰሶው ወደ ግድግዳው የተዘረጉ ክንዶች አሉ፤ በክንዶቹ ጫፍ ላይ መሰላል ታስሯል። ሠራተኛው መሰላሉ ላይ ይወጣል። ግድግዳውን በእጁ ገፋ ሲያደርግ መሰላሉ እሱን እንደያዘ ይዞራል። ሳይወርድ ሙሉውን ክብ ይጨርሳል። ቀዳዳ በቀዳዳ እጁን እየሰደደ የደረሱትን ጫጩቶች ይለቅማል። እንቁላል አይረገጥም፤ ወፎቹም ብዙ አይታወኩም። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ መስቀያ እንጨት ማለት ነው፣ ቅርጹ ስለሚመስል። እንዲህ ያለውን በቦታው እንዳለ ማየት ከፈለጋችሁ ሶመርሴት ውስጥ ደንስተር አለ። ለእናንተ ግን የሚቀርበው ኪንዋርተን ነው። ዎሪክሺር፣ አልስተር ከተማ አጠገብ ነው። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ክብ ቤት ነው፤ የኢቭሻም ገዳም ይዞታ ነበር። ፖቴንሱ እስከ ዛሬ አለ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መሰላል በእጄ ገፋ ሳደርገው ያለ ድምፅ ዞረ። ያን ዕለት የድሮ አናጺዎችን ከልቤ አደነቅኩ።

ወፎቹን አገር አስለምዶ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። አዲስ ቤት ሲሠራ ገና መብረር የጀመሩ ወጣት እርግቦች ይመጡና ለጥቂት ሳምንት ተዘግቶባቸው ይቀለባሉ። ቤቱን ከለመዱ በኋላ ይከፈትላቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ የትም ቢውሉ ማታ ይመለሳሉ። ጨው በጣም ስለሚወዱም ጨው፣ ሸክላ አፈርና ከሙን ተለውሶ በአንድ ጥግ ይቀመጥላቸዋል። የጎረቤት እርግብም በዚህ ሽታ ትሳባለች ይባል ነበር። ይህ ጎረቤትን ያጣላ እንደነበር መገመት አይከብድም።

ሥጋው ብቻ አልነበረም ጥቅሙ። እንዲያውም እኔ ሁልጊዜ ሰዎች ወለሉን እንዲያዩ ነው የምመክረው።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 6 ላይ ሰማርያ በተከበበች ጊዜ የእርግብ ኩስ በብር እንደተሸጠ ተጽፏል። ልጅ ሆኜ ስሰማው ይገርመኝ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ የእርግብ ኩስ ያለ ከበባም ዋጋ ነበረው። ከከብት እበት ይበልጥ ኃይለኛ ማዳበሪያ ነው። በትንሹ ነው የሚበተነው፤ ከበዛ ተክሉን ያቃጥላል። የአትክልት ቦታና ለቢራ የሚሆነው የሆፕ ተክል ማሳ ይወደዋል። ቆዳ ፋቂዎችም ይገዙት ነበር። ቆዳውን በኩስ ውኃ ሲነክሩት ይለሰልሳል። ላባው ለትራስና ለፍራሽ ይሆናል። አንዳንድ መንደሮች ግን በእርግብ ላባ ላይ የተኛ በሽተኛ ነፍሱ ቶሎ አትወጣም፤ ሲጣጣር ይቆያል ብለው ያምኑ ነበር። ላባውን ከትራሱ ለይተው የሚያወጡ ነበሩ።

ከሁሉ የሚገርመው ባሩድ ነው። ባሩድ ለመሥራት ናይትሬት የሚባል ጨው ያስፈልጋል። ለብዙ ዘመን ኩስና ሽንት የጠጣ አፈር ናይትሬት አለው። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሡ ናይትሬት ሰብሳቢዎች ፈቃድ ይዘው በየሰው ግቢ ይገቡ ነበር። የበረት ወለል ይቆፍራሉ። የእርግብ ቤት ወለል ደግሞ ከሁሉ የተመረጠ ነበር። ቆፍረው፣ አፈሩን ጭነው ይሄዳሉ። ሰዉ ጠልቷቸው ነበር። አንዳንዱ ወለሉን በድንጋይ ወይም በጡብ ማንጠፍ ጀመረ፤ እንዳይቆፈርበት። በ1620ዎቹ ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ የእርግብ ቤት ወለል እንዳይነጠፍ አዋጅ አወጡ። አስቡት፣ አንድ ንጉሥ ስለ እርግብ ኩስ አዋጅ ሲያስነግር! በ1656 ፓርላማው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መቆፈር ከለከለ። ኋላ ደግሞ ከሕንድ፣ ከቤንጋል በመርከብ የሚመጣው ናይትሬት የእንግሊዝን ወለል ገላገለው።

አሁን ወደ ገበሬው ልመለስ። የታሪኩ መራራ ክፍል እዚህ ነው።

እርግቦቹ ማልደው ወጥተው ከየማሳው ይለቅማሉ ብያለሁ። የማን ማሳ? የጌታው ብቻ አይደለም። የገባሩም ነው። እርግብ ድንበር አታውቅም። ዘር በተዘራ ማግስት ትወርዳለች፤ አዝመራ ሲደርስ ትመለሳለች። ስንዴውም አተሩም የእሷ ነው። ጫጩቱ ግን ለጌታው ማዕድ ይቀርባል። ገባሩ እርግቧን ማባረር ይችላል። መግደል አይችልም። ከገደለ ይቀጣል። በ1604 የወጣ ሕግ እርግብን በጠመንጃ ወይም በቀስት መግደልን ይከለክላል፤ ቅጣቱ ገንዘብ ወይም እስር ነው። የእርግብ ቤት መሥራት ራሱ ለረጅም ዘመን የጌታውና የደብሩ ቄስ መብት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ልጅዎ ስትጠይቅ እንዲህ ይበሏት፤ ድንጋዩን የገዛው ጌታው ነው፣ እህሉን የከፈለው ግን ገበሬው ነው።

ስኮትላንዶች ይህን ችግር በሕግ ለመግታት ሞክረዋል። በ1617 የወጣ ሕግ በቤቱ ዙሪያ በ2 ማይል ውስጥ በቂ የእህል መሬት የሌለው ሰው የእርግብ ቤት እንዳይሠራ ከለከለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። እርግብህ የምትበላው የራስህን እህል ይሁን ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ግን ቁጣው ሞልቶ ፈሰሰ። በነሐሴ 1789 አብዮተኞቹ የባላባት መብቶችን ሲሽሩ በስም ጠርተው ከሻሯቸው አንዱ የእርግብ ቤት መብት ነበር። ያን ያህል ያንገበግብ ነበር ማለት ነው።

እንግሊዝ ውስጥ አብዮት አልመጣም። ሕጉ ቀስ በቀስ ነው የላላው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የራሱ መሬት ያለው ገበሬም መሥራት ጀመረ። የእርግብ ቤት የበዛበት ዘመን ያኔ ነው። ሳሙኤል ሃርትሊብ የሚባል የግብርና ጸሐፊ በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ 26,000 የእርግብ ቤት አለ ብሎ ገምቷል። ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም፤ ግን በዘመኑ ሰዎች ዓይን ምን ያህል በዝቶ ይታይ እንደነበር ያሳያል። የዚህ ዘመን ቤቶች በአብዛኛው ክብ አይደሉም። በጡብ ወይም በእንጨት ማገር የተሠሩ፣ አራት ማዕዘን ናቸው። ዉስተርሺር ውስጥ ዊቸንፎርድ ላይ ያለው ጥቁር እንጨትና ነጭ ልስን ያለው ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። በጣም ያምራል።

ታዲያ ለምን ባዶ ሆነ? ብዙ ሰው ተርኒፕ የሚባለው ሥር መጣ፤ ከብቶች በብርዱ ወራት ይቀለቡ ጀመር፤ ስለዚህ እርግብ አላስፈለገም ይላል። ግን አየን፤ መጀመሪያም የብርድ ሥጋ አልነበረም። እኔን የሚያሳምነኝ ምክንያት እህል ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የስንዴ ዋጋ ናረ። ከ1793 እስከ 1815 ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ጦርነት ዘመን ደግሞ ጣሪያ ነካ። ያኔ በመቶ የሚቆጠር እርግብ እህል ላይ መልቀቅ ግልጽ ኪሳራ ሆነ። መሬት የሚከራዩ ገበሬዎችም እምቢ አሉ። ጌታው ከእርግቡ ይልቅ የመሬቱ ኪራይ እንደሚሻለው ገባው። ብዙዎቹ ቤቶች ያኔ ነው የእህል ጎተራ፣ የዕቃ ማስቀመጫ፣ የከብት ማደሪያ የሆኑት።

ሌላ ጠላትም ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቡናማው አይጥ እንግሊዝ ገባ። ከቀድሞው ጥቁር አይጥ ይበረታል። ይቆፍራል፣ ያኝካል፣ እንቁላልና ጫጩት ይበላል። ባለቤቶቹ የታችኞቹን ረድፍ ቀዳዳዎች በድንጋይና በኖራ ደፈኑ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ቤቶች ቀዳዳቸው ከመሬት ከፍ ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ አንድ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። የታችኞቹ ረድፎች ተደፍነው ካገኘሁ ቤቱ ከአይጡ በፊት የነበረ ነው እላለሁ።

አስጎብኚውን አይቀየሟቸው። የብርድ ሥጋው ታሪክ በብዙ የጉብኝት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ኖሯል፤ እሳቸውም የተነገራቸውን ነው የነገሯችሁ። ደግሞ ስትሄዱ ግን በትህትና፣ «ጫጩቶቹ በየትኛው ወር ነበር የሚለቀሙት?» ብላ ልጅዎ ትጠይቃቸው። ጥሩ ጨዋታ ይወጣዋል።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ኪንዋርተንን ይሞክሩ። ዊቸንፎርድም ከእናንተ ሩቅ አይደለም። ሁለቱም ቅርሶችን በሚጠብቀው በናሽናል ትረስት ድርጅት ሥር ናቸው። ትንንሽ ቦታዎች ስለሆኑ ክፍት የሚሆኑበትን ቀን ቀድመው ያረጋግጡ። ባትሪ ይያዙ፤ ውስጡ ጨለማ ነው። ልጆቹ አንዱን ረድፍ ዙሪያውን ይቁጠሩት፣ ከዚያ ረድፎቹን ወደ ላይ ይቁጠሩ፣ ያባዙት። የቤቱን ልክ በራሳቸው ያገኙታል።

ሁለት ነገር ልጨምር፤ ሁለቱም ለጥንቃቄ ነው። ባዶ የእርግብ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ነጭ ጉጉት ወይም የሌሊት ወፍ ይኖራል። ሁለቱም በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ጎጆ ላይ ያለች ጉጉት ካያችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ መረበሿ በ1981 በወጣው ሕግ ወንጀል ነው። ሁለተኛው አቧራው ነው። የእርግብ ኩስ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል። ዘወትር የሚተነፍሱት ሰዎች ሳንባቸው ይታመማል፤ የእርግብ አርቢዎች ሳንባ የሚባል በሽታ አለ። ለአንድ ቀን ጎብኚ ብዙ አያሰጋም። ቢሆንም ወለሉ ላይ ደረቅ ኩስ ካለ ልጆቹ በእግራቸው አያቡንኑት። አስም ያለበት ልጅ ካለ ከበሩ ሆኖ ይይ። እኔ ስሠራ ያለ ጭንብል አልገባም፤ ወለሉንም መጀመሪያ በውኃ ሳላርስ አልጠርገውም።